ማስተካከያ፦ ማግኔት ቅንጣቱን ያዞረዋል እንጂ አያፈጥነውም

ስለ ማግኔት ቀደም ብሎ በወጣው ጽሑፍ ላይ «ወጥ መግነጢሳዊ መስክ ውስጥ የገባ ፕሮቶን ፍጥነቱ እየጨመረ ክብ ይሠራል» ተብሏል። ፕሮቶን (በአቶም እምብርት ውስጥ የሚገኝ፣ ፖዘቲቭ ቻርጅ ያለው ቅንጣት) መስኩን በ90 ዲግሪ አቋርጦ ከገባ ክብ መሥራቱ ልክ ነው። ፍጥነቱ ይጨምራል የሚለው ግን ስህተት ስለሆነ መታረም አለበት።

ነገሩ እንዲህ ነው። መስኩ ፕሮቶኑን የሚገፋው ሁልጊዜ ከጎን ነው፤ ከሚሄድበት አቅጣጫ በ90 ዲግሪ። ከኋላ አይገፋውም፣ ከፊትም አያግደውም። አቅጣጫው በየቅጽበቱ ይቀየራል፣ ፍጥነቱ ግን ያው ነው። ኢነርጂም አይጨምርለትም። እንዲያውም ዝም ብሎ የቆመ ፕሮቶን ከሆነ መስኩ ጭራሽ አይነካውም።

«ፈጣኑ ፕሮቶን ዙሩን ቶሎ ይጨርሳል» የሚለውም ትክክል አይደለም። በጣም ደስ የሚለው ነገር ያለው እዚህ ጋ ነው። ፍጥነቱ እጥፍ ሲሆን የክቡ ሬዲየስም እጥፍ ይሆናል። መንገዱ በዚያው ልክ ስለሚረዝም አንድ ዙር የሚፈጀው ጊዜ አይለወጥም። በ1 ቴስላ (የመግነጢሳዊ መስክ ጥንካሬ መለኪያ) መስክ ውስጥ ፕሮቶን በሰከንድ 15 ሚሊዮን ጊዜ ያህል ይዞራል፤ ቀርፋፋውም ፈጣኑም እኩል። ይህ የሚሠራው ፍጥነቱ ወደ ብርሃን ፍጥነት እስካልተጠጋ ድረስ ነው።

አሜሪካዊው የፊዚክስ ሊቅ ኧርነስት ሎውረንስ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ የሠራው ሳይክሎትሮን የተባለ ቅንጣት ማፍጠኛ ማሽን የቆመው በዚሁ ላይ ነው። ማግኔቱ ቅንጣቱን ያዞረዋል። የሚያፈጥነው ግን በማሽኑ ሁለት ግማሽ ክብ ክፍሎች መካከል ያለውን ክፍተት ባቋረጠ ቁጥር አቅጣጫውን እየቀያየረ የሚገፋው የኤሌክትሪክ መስክ ነው።