ዝናብ ሲመጣ ቻይንኛ አይነበብም

መኪና ላይ ስክሪን ይሻላል ወይስ የሚጫኑት ቁልፍ የሚለውን ክርክር ያስነሳው የላቫጆው ልጅ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ ነን፤ ከአዳማው ፈጣን መንገድ መግቢያ ብዙም አልራቅንም። ሌሊቱን ሲዘንብ ስላደረ መኪናው ሁሉ ጭቃ በጭቃ ነው። ወረፋው አያልቅም። እኛ ጀበናዋ አጠገብ በርጩማ ይዘናል። ልጁ የአንዱን ወጣት ኤሌክትሪክ መኪና ውስጡን እየወለወለ ነበር። ባለቤቱ ሳያጠፋው ነው የሰጠው። እርጥቡን ጨርቅ ትልቁ ስክሪን ላይ አንዴ ሳብ ሲያደርገው ማራገቢያው እንደ ወፍጮ ጮኸ፣ ሬዲዮው ተከፈተ፣ ከዚያ አንዲት ሴትዮ ረጋ ብላ በቻይንኛ ታስረዳ ጀመር። ልጁ ጨርቁን ጥሎ ዘሎ ወጣ። «ወላሂ ምንም አልነካሁም!»

በሳቅ ፈረስን። ባለመኪናው ግን አልሳቀም። ሴትዮዋን ዝም ለማሰኘት ስክሪኑ ላይ ሦስት ገጽ ከፍቶ መግባት ነበረበት። ቆጥሬዋለሁ።

«ልጄ» አሉት ጋሼ። ጋሼ በዕድሜ ሁላችንንም ይበልጣሉ፤ በጉብዝናቸው ጊዜ አሰብ መስመር ኤንትሬ ፊያት የጭነት መኪና የነዱ ሰው ናቸው። «የእኔ ፊያት ሬዲዮ እንኳን አልነበረው። ግን በጨለማ እጄን ስሰድ መብራቱም መጥረጊያውም ቦታቸው ላይ ናቸው። እጄ ያውቃቸዋል። የአንተን ለማጥፋት ግን ዓይን ይጠይቃል። ዓይንህን ለሱ ከሰጠኸው መንገዱን ማን ያይልሃል?»

«ጋሼ፣ ያኔ የኋላ ካሜራ ነበር? የባትሪ መጠን የሚነግር ነበር? አሁን መኪናው ራሱ ኮምፒውተር ነው። ሃያ ቁልፍ ደርድሮ ሃያ ሽቦ ከመጎተት አንድ ስክሪን ይሻላል።»

ይሻላል፤ ለፋብሪካው። ይህን በልቤ ነው ያልኩት።

ሜትር ታክሲ የሚሠራው ጓደኛችን ጣልቃ ገባ። ቪትዝ ነው የሚነዳው፤ መርካቶ ያስገጠመው ስክሪን አለው። «እኔ መኪናው ኮምፒውተር እንዲሆንልኝ አልፈልግም። ኮምፒውተሬ ኪሴ ውስጥ ነው» አለ ስልኩን እያሳየ። «ስልክን መኪናው ስክሪን ላይ የሚያወጣው የአፕሉ ካርፕሌይ ከመጣ ከፈረንጆቹ 2014 ወዲህ፣ የጉግሉ አንድሮይድ አውቶም በዓመቱ ሲከተል፣ ነገሩ አለቀ። ካርታው ከስልኬ፣ ሙዚቃው ከስልኬ። ስልኬን ስቀይር መኪናዬ አብሮ አዲስ ይሆናል። የመኪናው የራሱ ስክሪን ግን ከአምስት ዓመት በኋላ ያው ነው።»

«ስልክህ ግን ባትሪዬ አዳማ ያድርሰኝ አያድርሰኝ አያውቅም» አለው ባለኤሌክትሪኩ። «የአሜሪካው መኪና ሠሪ ጄነራል ሞተርስ በፈረንጆቹ 2023 ከወደፊት የኤሌክትሪክ መኪኖቼ ካርፕሌይን አወጣለሁ ያለው ለዚህ ነው። ካርታውና ባትሪው መነጋገር አለባቸው።»

«የራሱን ሊሸጥልህ ነው እንጂ!»

እንዲህ እየተባባሉ ሳለ ነው ሲስተር የቡና ስኒዋን ያስቀመጠችው። ነርስ ናት፤ ኮዬ ፈጬ ትኖራለች። እሷም ዳሽቦርዱ ላይ ከስክሪን በቀር ይህ ነው የሚባል ነገር የሌለው ኤሌክትሪክ መኪና አላት። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ አዲስ የሚገዛ ሰው ምን ምርጫ አለው?

«እኔ ልንገራችሁ» አለች። «ባለፈው ሐምሌ ማታ ከሥራ ስመለስ፣ ቃሊቲን እንዳለፍኩ ዝናቡ ወረደ። መስታወቱን ከውስጥ ጉም ለበሰው። ጉም ማጥፊያው ያለው ስክሪኑ ውስጥ ነው፤ ስክሪኑ ደግሞ ቻይንኛ ነው። ቀን ቀን በምስሉ አውቀዋለሁ። ያን ማታ ግን ገጹ ጠፋኝ። ከኋላዬ ተሳቢ ክላክሱን ይለቅብኛል። አንዱን ስነካ ማራገቢያው ቆመ። ሌላውን ስነካ መቀመጫዬ ይሞቅ ጀመር! በመጨረሻ በነጠላዬ ጫፍ የፊቴን ያህል ጠርጌ፣ በዚያች ቀዳዳ እያየሁ ዳር ያዝኩ። አራቱንም ፍሬቻ አበራሁ። እሱን እንኳን እግዜር ይስጣቸው፣ በቁልፍ ነው የሚበራው።»

ማንም አልሳቀም። ቡና የምትቀዳው ልጅ ጀበናዋን እንደያዘች ቀረች።

«ይሄ እኮ የቋንቋ ችግር ነው» አለ ባለኤሌክትሪኩ ቆይቶ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «በአማርኛ ቢሆን...»

እዚህ ላይ እኔም አላስቻለኝም። «ስዊድኖቹስ በገዛ አገራቸው ምን ሆኑ?» አልኩት። በፈረንጆቹ 2022 አንድ የስዊድን የመኪና መጽሔት 11 አዳዲስ መኪኖችን ከአንድ የ2005 ቮልቮ ቪ70 ጋር ፈትኗቸው ነበር። ፍጥነታቸው በሰዓት 110 ኪሎ ሜትር። ሹፌሮቹ አስቀድመው እንዲለማመዱ ጊዜ ተሰጣቸው። የታዘዙት አራት ተራ ነገር ነው፤ መቀመጫ ማሞቅ፣ የሬዲዮ ጣቢያ መቀየር፣ እንዲህ እንዲህ ያለ። ባለ ቁልፉ አሮጌ ቮልቮ በ10 ሴኮንድ ጨረሰ፤ 306 ሜትር ሄዶ። የመጨረሻ የወጣው ባለ ስክሪን 44.9 ሴኮንድ ፈጀ። እስኪጨርስ 1,372 ሜትር ተጉዟል።

«ኪሎ ሜትር ከሲሶ!» አሉ ጋሼ። «ከተጨፈነ ሰው በምን ይለያል?»

ባለ ቪትዙ ደስ ብሎት ሊያጨበጭብ ሲል የካርልስሩኸን ፍርድ ቤት ነገር ነገርኩት። ጀርመን ነው፣ በፈረንጆቹ 2020። አንድ የቴስላ ሹፌር በዝናብ የመጥረጊያውን ፍጥነት በስክሪን ሲያስተካክል ከመንገድ ወጥቶ ምልክትና ዛፍ ገጨ። ዳኞቹ ስክሪኑን እንደ ማንኛውም የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ቆጠሩት፤ እየነዱ ስልክ እንደ መነካካት ማለት ነው። 200 ዩሮና የአንድ ወር እገዳ። «ስለዚህ ያንተም ካርታ ስክሪን ነው» አልኩት። «መንገድ ላይ ሆነህ ስትጽፍበት ከሱ በምን ትሻላለህ?» ዝም አለ። ሲጽፍ አይቼዋለሁ፤ አብሬው ተሳፍሬ።

የእኔን ፍርድ ከጠየቃችሁኝ፣ ለባለ ቪትዙ ግማሹን እሰጠዋለሁ። ካርታ፣ ስልክ፣ ሙዚቃ ከስልክ ይምጣ፤ ከመነሳታችን በፊት አድራሻው ተጽፎ ይለቅ። የባትሪውን ነገር ባለኤሌክትሪኩ ልክ ነው። ጉም፣ ዝናብ፣ መብራት፣ ክላክስ ግን የጋሼ እጅ በጨለማ የሚያገኛቸው መሆን አለባቸው። የአውሮፓው የደኅንነት መዛኝ ዩሮ ኤንካፕም ከፈረንጆቹ 2026 ጀምሮ ፍሬቻን፣ መጥረጊያን፣ ክላክስን፣ የአደጋ መብራትንና የአደጋ ጥሪን በእጅ በሚዳሰስ ነገር ያላደረገ መኪና ነጥብ እንዲያጣ ወስኗል። ጉም ማጥፊያው ከእነዚህ አምስቱ ውስጥ የለም። ሲስተርን አልጠየቋትም። በዚያ ላይ ቁልፍ ሲሰበር ሶማሌ ተራ ወርደህ ተከራክረህ ትገዛለህ፤ ስክሪን ሲጠፋ ግን ማራገቢያውም ሬዲዮውም ካሜራውም አብረው ነው የሚጠፉት።

ባለኤሌክትሪኩ ሒሳቡን ከፍሎ ገባ። የላቫጆው ልጅ ስክሪኑን አልፎ ዳር ዳሩን ብቻ ነው የወለወለው። መኪናው ድምፅ ሳያሰማ ወደ አስፋልቱ ሲጠጋ የግራ ፍሬቻው ብልጭ ብልጭ አለ። ጋሼ አንገታቸውን አስግገው በመስኮቱ እጁን አዩ።

«በእጅ ነው ያበራት» አሉ። «እሷን ትተውለታል።»