ሊጉ ቤቱ ይግባ

ይኸው ዘንድሮም የኢትዮጵያ ፕሪሚየር ሊግ በየክለቡ ሜዳ መሆኑ ቀርቶ "በተመረጡ ከተሞች" ይካሄዳል ተባለ። የ2012ቱ ውድድር በኮቪድ ምክንያት ያለ ሻምፒዮን ተሰርዞ፣ በ2013 ክለቦቹን አንድ ከተማ ሰብስቦ እየመረመሩ ማጫወት ተገቢ መላ ነበር። ማንም አልተቃወመም። ከዚያ ወዲህ ጭምብሉ ወለቀ፣ ትምህርት ቤቱም ገበያውም ሠርጉም ወደ ቦታው ተመለሰ። ሊጉ ብቻ ነው እንደ ከርሞ ጥጃ እዚያው የቀረው። በየዓመቱ "ለጊዜው" ይባልና በየዓመቱ ጊዜው ይራዘማል።

ለዚህ ውሳኔ ከሚደረደሩት ምክንያቶች ሁሉ በጣም የሚያስገርመው "ወጪ ይቆጥባል" የሚለው ነው። ይህን የሚሉ ሰዎች የሆቴል ደረሰኝ አይተው የሚያውቁ አይመስሉም። እስቲ ሒሳቡን ቁጭ ብለን እንሥራው።

ሊጉ 18 ክለብ አለው እንበል። አንድ ክለብ ለተሰበሰበ ውድድር ሲሄድ 25 ተጫዋች ይዞ ነው የሚወጣው፤ ተጎድቶ በሁለት ሳምንት የሚመለሰውንም፣ ተቀያሪ ወንበር ላይ የማይደርሰውንም ይጭናል፤ ቤት ትቶት የሚሄድበት ምክንያት የለውማ። ዋና አሠልጣኙ፣ ምክትሉ፣ የበረኞች አሠልጣኙ፣ ሐኪሙ፣ ወጌሻው፣ ቡድን መሪው፣ ትጥቅ ያዡና ሾፌሩ ሲጨመሩ 33 ሰው ይሆናል። ውድድሩ ሰባት ወር ይፈጃል እንበል፤ የዕረፍት ጊዜውን ቀንሰን 180 ሌሊት ብለን እንያዝ። 33 ሰው በ180 ሌሊት ሲባዛ 5,940 አልጋ፣ ከነቁርሱ ከነምሳው ከነራቱ።

አሁን በሜዳና ከሜዳ ውጪ የሚደረገውን እንይ። 17 የውጪ ጨዋታ አለ። ለውጪ ጨዋታ የሚጓዘው 20 ተጫዋችና 7 የቡድን አባል ነው። አንድ ቀን ቀድሞ ይገባል፣ ተጫውቶ ያድራል፣ ደኅና ጊዜ ሰጥተን ሦስት ሌሊት እንበል። 27 በ3፣ በ17 ሲባዛ 1,377 አልጋ ነው፤ ከቀድሞው ሩብ እንኳ አይሞላም። የቀሩትን ሌሊቶች ተጫዋቹ የሚያድረው ኪራዩን በከፈለበት ቤቱ ወይም ክለቡ ባለው ካምፕ ነው።

"መጓጓዣውስ?" ይባላል። ጥሩ፣ እሱንም እንቁጠር። በአማካይ የደርሶ መልስ ጉዞ 600 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ 17ቱ ጉዞ 10,200 ኪሎ ሜትር ነው። የቡድን አውቶብስ በ100 ኪሎ ሜትር 30 ሊትር ቢጠጣ 3,060 ሊትር ናፍጣ ይሆናል። እንግዲህ በአንድ ወገን 4,563 ትርፍ አልጋ ከነምግቡ፣ በሌላ ወገን 3,060 ሊትር ናፍጣ ቀርቦልናል። ለመቐለና ለድሬዳዋ የአውሮፕላን ቲኬት ይጨመርበት፤ ለጎማና ለዘይትም ይጨመርበት። አሁንም ሚዛኑ የት እንዳጋደለ ለማየት የሒሳብ ባለሙያ መቅጠር አያስፈልግም።

ይባስ ብሎ ደግሞ ጎረቤታሞች ናቸው እርስ በርስ ለመጫወት አገር የሚያቆራርጡት። በ2017 የውድድር ዘመን ከአዲስ አበባ ብቻ ስድስት ክለቦች ነበሩ፤ ቅዱስ ጊዮርጊስ፣ ኢትዮጵያ ቡና፣ መቻል፣ ንግድ ባንክ፣ መድንና ኤሌክትሪክ። ስድስት ክለብ በደርሶ መልስ ሲገናኝ 30 ጨዋታ ነው። እነዚህ 30 ጨዋታዎች በታክሲ ተሂዶ የሚታዩ ነበሩ። ሸገር ደርቢ፣ የጊዮርጊስና የቡና ጨዋታ፣ ሐዋሳና አዳማ ሲደረግ እያየን ነው እንግዲህ ቁጠባ የሚወራልን። ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡናም አንድ ከተማ ተቀምጠው ድሬዳዋ ላይ ይገናኛሉ። ወላይታ ሶዶና አርባ ምንጭ በመካከላቸው የሁለት ሰዓት ተኩል መንገድ ቢሆን ነው፤ እንግዳው ቡድን ቅዳሜ ከሶዶው ወላይታ ድቻ ተጫውቶ፣ ረቡዕ ከአርባ ምንጭ ተጫውቶ በአንድ ጉዞ ሁለት ጨዋታ ጨርሶ መመለስ ይችላል። መርሐ ግብር አወጣጥ ማለት ይሄ ነው። ክለቦቹን ሁሉ አንድ ሆቴል አጉሮ ዕጣ ማውጣትማ ማንም ያወጣል።

የገቢውን ነገር ደግሞ ጭራሽ የሚያነሳው የለም። የስታዲየም መግቢያ፣ የማሊያ ሽያጭ፣ የሜዳ ዙሪያ ማስታወቂያ፣ ሁሉም የሚገኘው ደጋፊ ካለበት ነው። የቡናን ደጋፊ ከአዲስ አበባ ስታዲየም መቀመጫዎቹ፣ ከካታንጋና ከሚስማር ተራ አንስተህ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ አርቀህ በሥራ ቀን፣ በዘጠኝ ሰዓት ና እይ ብትለው አይመጣም። የመጣው ጥቂት ሰው ከበሮውን ይዞ አንድ ጥግ ይቆማል፣ የቀረው ወንበር ባዶ ነው፣ አሠልጣኙ የሚሳደበው ሁሉ በቴሌቪዥን ይሰማል። የአካባቢ ባለሱቅ ይህን አይቶ ነው እንግዲህ ማስታወቂያ የሚሰቅለው።

ታዲያ ክለቦቹ ሊጉን በሚመራው አክሲዮን ማኅበር ባለአክሲዮን ሆነው ይህን ለምን ዝም ይላሉ? መልሱ ቀላል ነው፦ አብዛኞቹ ከደጋፊ የሚያገኙት ስለሌለ የሚያጡትም የለም። በጀታቸው የሚመጣው ከከተማ አስተዳደር፣ ከመከላከያ፣ ከባንክ፣ ከኢንሹራንስ ነው። የ2016ቱ ሻምፒዮን ንግድ ባንክ፣ የ2017ቱ መድን ነው። ሁለቱም ሜዳ ላይ ሠርተው ነው ያሸነፉት፤ በዚያ ክርክር የለኝም። ነገር ግን የእናት ድርጅቱ ገንዘብ ወር በገባ ቁጥር የሚደርሰው ክለብ፣ ስታዲየም ሞላ አልሞላ ምን ገዶት? በዚህ አሠራር የሚጎዳው ደጋፊ ያለው ክለብ ነው፤ ድምፅ ሲሰጥ ግን ደጋፊ ያለውም የሌለውም እኩል እጅ ነው የሚያወጣው።

የደመወዝ ጣሪያው ጉዳይም እዚሁ ላይ ነው የሚሰበረው። በ2011 ክለቦች ተሰብስበው የተጫዋች ደመወዝ ከ50 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ተስማሙ። ገበያው ግን አልቀዘቀዘም፤ ከውል ውጪ የሚሰጥ ገንዘብ ወሬ አሁንም የዝውውሩ መስኮት በተከፈተ ቁጥር ይሰማል። ለምን አይሰማም? ጣሪያው የተሠራው ወጪን ብቻ አይቶ ነው። ክለቡ ራሱ ካመነጨው ገቢ ጋር የታሰረ ገደብ ቢሆን ኖሮ፣ ለምሳሌ የደመወዝ ወጪ ይህን ያህሉ እጅ ከትኬት፣ ከስፖንሰርና ከቴሌቪዥን ድርሻ መምጣት አለበት ቢባል፣ ሥራ አስኪያጁ ማክሰኞ ጠዋት ቢሮው ገብቶ ትኬት እንዴት እንደሚሸጥ ያስብ ነበር። አሁን የሚያስበው የበጀት ዓመቱ ከማለቁ በፊት ከንቲባውን እንዴት እንደሚያገኝ ነው። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን (ካፍ) ለክለብ ፈቃድ የሚጠይቃቸው አምስት መስፈርቶች ስፖርታዊ፣ መሠረተ ልማት፣ አስተዳደር፣ ሕጋዊና ፋይናንስ ናቸው። በሜዳው የማይጫወት ክለብ ሁለተኛውንና አምስተኛውን ምን አድርጎ ነው የሚያሟላው? በደብዳቤ?

ስለ ሣሩም እናውራ፤ እግር ኳስ የሚጫወቱት በስብሰባ አዳራሽ አይደለምና። 18 ክለብ 306 ጨዋታ ማለት ነው። በሦስት ከተማ ሲካፈል ለአንዱ ሜዳ 102 ይደርሰዋል። በሜዳና ከሜዳ ውጪ ቢሆን አንድ ሜዳ በዓመት 17 ጨዋታ፣ ሁለት ክለብ ካለበት 34 ነው የሚያስተናግደው። በተሰበሰበው ውድድር አንድ የጨዋታ ሳምንት ዘጠኝ ጨዋታ ነው፤ በአምስት ቀን ውስጥ በአንድ ሣር ላይ ይረገጣል፣ ሁለት ሦስት ቀን ያርፍና እንደገና ይጀመራል። ሰርዶ ጠንካራ ነው፣ ቢቆረጥም ቢረገጥም በመሬት ላይ እየተሳበ ቦታውን ይሸፍናል፤ ነገር ግን ለመሳብ ጊዜ ይፈልጋል። መጀመሪያ የሚራቆተው የግቡ አፍ ነው፣ ቀጥሎ መሐል ክቡ፣ ቀጥሎ ረዳት ዳኛው እየተመላለሰ የሚሮጥበት ጠርዝ። አፈሩ ይጠቀጠቅና ውኃ መምጠጥ ያቆማል። ዝናብ ሲጥል ኩሬ፣ ፀሐይ ሲወጣ እንደ አስፋልት ነው፤ ኳስ ያለ ልኩ ይነጥራል፣ ቁርጭምጭሚት ይጠማዘዛል። መድኃኒቱ ይታወቃል፦ አሥር ሳንቲ ሜትር ያህል ጥልቀት እየወጉ አየር ማስገባት፣ በላዩ አሸዋ መበተን፣ ዘር መጨመር፣ ከዚያ ማንንም አለማስገባት። የመጨረሻውን ሳታደርግ የፊተኞቹን ብታደርግ አሸዋ አባከንክ ማለት ነው። በዚህ መርሐ ግብር ግን የሜዳ ሠራተኛው ያለው ዕድል መስመር አጥርቶ መቀባት ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ "ተጫዋቾቻችን ኳስ መሬት ላይ አይጫወቱም" እያልን አሠልጣኝ እናባርራለን።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደው ደግሞ ይሄ ነው። መስከረም 2014 በብሔራዊ ቡድናችን ባሕር ዳር ላይ ከደቡብ አፍሪካ ጋር ተጫወትን፤ ከዚያ ካፍ ስታዲየሙን አገደና በኅዳር ጋናን "በሜዳችን" ያስተናገድነው ጆሃንስበርግ ነው። ግብጽን 2 ለ 0 የረታንበት የሰኔ 2014 ጨዋታ ሊሎንግዌ ነበር። ሴራሊዮንንና ቡርኪና ፋሶን ሞሮኮ፣ ዲሞክራቲክ ኮንጎን ዳሬሰላም ላይ አስተናገድን። በ1954 በገዛ ስታዲየሙ ግብጽን 4 ለ 2 አሸንፎ የአፍሪካ ዋንጫን ያነሳ አገር ነው እንግዲህ ሜዳ የሚለምነው። ሰው ሁሉ ይህን ከሊጉ ለይቶ ያያል፤ የስታዲየም ችግር የመንግሥት፣ የሊጉ ቅርጽ የአክሲዮን ማኅበሩ ይመስለዋል። አንድ ናቸው። የትኛው ከንቲባ ነው ክለቡ በማይጫወትበት ስታዲየም የመልበሻ ክፍል የሚያሠራ፣ ወንበር የሚተክል፣ መብራት የሚያቆም? ጎንደርና ሆሳዕና ላይ የከተማው ሕዝብ በየሁለት ሳምንቱ እየተሰለፈ ቢገባ፣ መጸዳጃ ቤቱ መበላሸቱ የምርጫ ጉዳይ ይሆን ነበር።

የአስተዳደር ልምዱም እንደዚሁ እየጠፋ ነው። በሜዳው የሚያጫውት ክለብ አምቡላንሱ ከጨዋታው በፊት መድረሱን ያረጋግጣል፣ ከፖሊስ ጋር የበር አከፋፈት ይስማማል፣ ኳስ አቀባዮቹን ያሠለጥናል፣ ለኮሚሽነሩና ለዳኞቹ ክፍል ያዘጋጃል፣ የተሸጠውን ትኬት ከጉማጁ ጋር ያመሳክራል። ይህን በዓመት 17 ጊዜ የሠራ ጽሕፈት ቤት ይማራል። አሁን ይህን ሁሉ አስተናጋጁ ከተማና አክሲዮን ማኅበሩ ይሠሩለታል፤ ክለቡ አውቶብስ ላይ ወጥቶ መምጣት ነው ሥራው። ዝርዝር የሚከታተል ሰው ማጣት ምን እንደሚያስከፍል በ2005 አይተናል፦ ቅጣት ያለበትን ተጫዋች አሰልፈን ቦትስዋናን በሜዳዋ ካሸነፍን በኋላ፣ ፊፋ ውጤቱን 3 ለ 0 አድርጎ ለእሷ ሰጣት። ቢጫ ካርድ የሚመዘግብ አንድ ደብተር ነበር የጎደለው።

የቴሌቪዥኑን ክርክር አልዘለውም፣ ግን ረጅም መልስ አይገባውም። ከዲኤስቲቪ ጋር በ2013 የተጀመረው የአምስት ዓመት ውል ካሜራዎቹን አንድ ቦታ አስቀምጦ ሁሉንም ጨዋታ ማሳየት አስለምዷል። ከዘጠኙ ጨዋታ አራቱን አሳዩ። አዲስ አበባና አዳማ መቶ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የስርጭት መኪናው ቅዳሜ አንዱ ጋ፣ እሑድ ሌላው ጋ ይደርሳል። አራት ጨዋታ ከሞላ ስታዲየም ማየት ዘጠኝ ጨዋታ ከባዶ ወንበር ከማየት ለአስተዋዋቂውም ይሻላል።

የጸጥታው ነገር እውነት ነው። መንገዱ የማያስተማምን፣ ከተማው ለእንግዳ ቡድን የማይመች የሆነበት ክለብ አለ። ለዚያ ክለብ በቅርብ ያለ ገለልተኛ ሜዳ ይመደብለት፤ ከዚህ ቀደም የአማራና የትግራይ ክለቦች ሲገናኙ እንዲህ ተደርጎ ያውቃል፣ የቀረው ሊግ ግን በየሜዳው ይካሄድ ነበር። የሦስት አራት ክለብ ችግር ለሁሉም ቅጣት የሚሆነው በየትኛው ሕግ ነው?

ሁሉም በአንድ ጀምበር ይመለስ የሚል የለም። ከዕጣው ሦስት ወር በፊት ሜዳዎቹ ይፈተሹ፤ የሣሩ ሁኔታ፣ የመልበሻ ክፍል፣ አጥር፣ የእንግዳ ደጋፊ መግቢያ፣ የአምቡላንስ መውጫ ይታይ። ያለፈው በሜዳው ይጫወት፣ የወደቀው በራሱ ወጪ ሜዳ ይከራይ፣ የሁለተኛው ዙር ከመጀመሩ በፊት እንደገና ይታይለት። የመግቢያ ገቢው ለባለሜዳው ይሁን። ለመጀመሪያው ዓመት ደግሞ ከየትም አትጀምሩ፣ ከእነዚያ 30 የአዲስ አበባ ጨዋታዎች ጀምሩ። አበበ ቢቂላ ስታዲየም መስከረም 2017 ንግድ ባንክና ያንግ አፍሪካንስ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ ጨዋታ ተጫውተውበታል። ለአፍሪካ ውድድር የበቃው ሜዳ ለመቻልና ለኤሌክትሪክ የማይበቃው ለምን እንደሆነ፣ ውሳኔውን የፈረሙት ሰዎች በጽሑፍ ያስረዱን።