ዓሣዋ አላበደችም፤ አየር አጥሯት ነው

ደብረ ብርሃን ላይ የባሕር ዓሣ አሳድጋለሁ ስል ሰው ይስቃል። ይሳቅ። ብርዱ የታወቀ ነው፤ ባሕሩ ደግሞ የለም።

ባለፈው ወር ከአዲስ አበባ አንዲት ክላውንፊሽ ገዝቼ መጣሁ። ያቺ ብርቱካናማ ሆና ነጭ መቀነት የታጠቀችው፣ ልጆች ሁሉ የሚያውቋት ዓሣ ናት። መንገድ ላይ ጫጫ ከተማ ስንደርስ የታሸገችበት ፌስታል እንደ ከበሮ ተወጥሮ ነበር። ከፍታው እየጨመረ ሲሄድ የውጭው ግፊት ስለሚቀንስ ውስጥ የታሸገው አየር ይነፋል። ያኔ ግን ልብ አላልኩትም።

ማታ ገንዳው ውስጥ ከተትኳት። ከዚያ በኋላ ሰላም የለም። መስታወቱን ተጠግታ ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ እንደገና ወደ ላይ። ምግብ ብጥልላት ዞር ብላም አላየችው። ጎረቤቴ እትዬ ለቡና መጥተው አዩዋትና «ዓይን ገብቶባት ነው፤ ይሄ ሳሎን ላይ ይቀመጣል እንዴ?» አሉኝ። ለሻጩ ስደውል ደግሞ «መድኃኒት ጨምርባት» አለኝ። ምን ሆና? አልጠየቀኝም። በእኔ ግምት የእትዬ ምርመራ ከእሱ አይከፋም። እሳቸው ቢያንስ አይተዋታል።

አዲስ ዓሣ ተቅበጠበጠች ማለት ታመመች ማለት አይደለም። የመንዝ በግ ከገበያ ገዝቶ ያመጣ ሰው ይሄን ያውቀዋል። በጉ የመጀመሪያውን ሌሊት ሲጮህ ያድራል፤ ሣሩን አሽትቶ ይተወዋል፤ ገመዱን ይጎትታል። ለዚህ ብሎ መርፌ የሚያስወጋው የለም፤ ቤቱን እስኪለምድ ይጠበቃል። ዓሣም ሁለት ሦስት ቀን ባትበላ ብርቅ አይደለም። ልዩነቱ አንድ ነው። በጉ የሚተነፍሰውን አየር እኔ አላዘጋጀሁለትም። የዓሣዋን ግን ያዘጋጀሁት እኔ ነኝ።

እዚህ ላይ ነው የእኛ ደጋ ጣጣ የሚመጣው። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ያልፋል። የአየር ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው በ30 በመቶ ገደማ ያንሳል። ውኃችን 90 ዲግሪ ገደማ ላይ የሚፈላው፣ ባቄላችንም አልበስል ብሎ የሚያስመርረን ለዚህ ነው። ግፊቱ ሲያንስ ውኃ ውስጥ የሚሟሟው ኦክስጅንም ያንሳል። ጨዋማ ውኃ ደግሞ በተፈጥሮው ጨው ከሌለው ውኃ በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ኦክስጅን ነው የሚይዘው። ሞቅ ያለ ውኃም ከቀዝቃዛው ያነሰ ይይዛል። እነዚህ ዓሦች ደግሞ 25 ዲግሪ አካባቢ ካልሆነ አይመቻቸውም። እንግዲህ ሦስቱን ደምሯቸው። ባሕር ዳርቻ ላይ፣ ሞምባሳ፣ ስድስት ዓሣ የሚችል ገንዳ እኛ ጋ ስድስቱን ላይችል ይችላል።

ዝም ብዬ ተቀምጬ አየኋት። ስንጥቧ፣ ማለትም የምትተነፍስበት የጎን ክፍት፣ ከሌላኛዋ ዓሣዬ በጣም ፈጥኖ ይከፈታል፣ ይዘጋል። መቅበጥበጧ ለአፍታ ጋብ ሲል ደግሞ ውኃው ከፓምፑ የሚወጣበት ቦታ ሄዳ ትቆማለች። መልሱን ራሷ እየነገረችኝ ነበር። የፓምፑን አፍ ወደ ላይ አዞርኩት፤ የውኃው ገጽ መናወጥ ጀመረ። አየር የሚነፋ ትንሽ ፓምፕም ጨመርኩ። ውኃው ሊይዝ ከሚችለው በላይ ኦክስጅን አያስገባም፤ ዓሦቹ የወሰዱትን ግን ቶሎ ይተካል። እኩለ ሌሊት ላይ ትንፋሿ ረገብ አለ።

ሌላው ጥፋት የራሴ ነው። ለጥንቃቄ ብዬ ፌስታሉን ከፍቼ፣ የገንዳውን ውኃ ጠብታ በጠብታ እየጨመርኩ ሁለት ሰዓት ሙሉ ሳለማምዳት ነበር። ፌስታል ውስጥ ዓሣዋ የምታስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውኃውን ወደ አሲድነት ያደላዋል፤ ያ ደግሞ ከራሷ የወጣውን አሞኒያ ብዙ እንዳይጎዳት ይይዘዋል። ፌስታሉ ሲከፈት ጋዙ ይወጣል፣ አሲዱ ይቀንሳል፣ አሞኒያውም መርዝ ይሆናል። እኔ እሷን አለማምዳለሁ ብዬ እዚያው ውስጥ አቆየኋት። ብዙ ሰዓት ታሽጎ ለቆየ ዓሣ የሚሻለው የሚገባበትን ውኃ ጨው አስቀድሞ ከፌስታሉ ጋር ማቀራረብ ነው። ከዚያ ፌስታሉን ሳይከፍቱ አንሳፎ ሙቀቱን ማስተካከል፣ ከተከፈተ በኋላም ቶሎ ማዛወር።

በማግስቱ መብራቱን አጠፋሁ፣ በጎንና በጎን ጥቁር ወረቀት ለጠፍኩ። መስታወት ላይ የራሱን ምስል አይቶ ጠላት የመጣ የሚመስለው ዓሣ አለ።

በሽታ የለም አልልም። ገላዋን ድንጋይ ላይ ደጋግማ ካሸች፣ ጨው የተነሰነሰባት የሚመስል ነጭ ነጥብ ካወጣች ጥገኛ ተውሳክ መጠርጠር ነው። ያኔም ቢሆን መዳብ ያለበት መድኃኒት የሚሰጠው በሌላ ገንዳ ነው፤ ዋናው ገንዳ ላይ ከፈሰሰ ቀንድ አውጣውንና ሽሪምፑን ይፈጃል።

መብራት ሲጠፋስ? በኅዳር ውርጭ ሰው ሁሉ የሚፈራው ብርዱን ነው። ዓሣ በሞላበት ገንዳ ግን ቀድሞ የሚያልቀው ኦክስጅኑ ነው። ስለዚህ በባትሪ የሚሠራ የአየር ፓምፕ ይቅደም። ለብርዱ የከተማችን ብርድ ልብስ አለ። ጎኑን ጠቅልሉት፣ አናቱን ግን ክፍት ተዉት።

ለሻጮች አንድ ጥያቄ አለኝ። ፌስታሉ ላይ ሁለት ነገር ጻፉልን፤ ዓሣው በስንት ሰዓት እንደታሸገና የውኃው ጨው ስንት እንደሆነ። እስክሪብቶ ነው የሚፈልገው። የእኔዋ ጠዋት ታሽጋ እኔ ያነሳኋት ከሰዓት በኋላ እንደነበር ያወቅሁት ከሳምንት በኋላ፣ ያውም በወሬ መሐል ነው።