አትንካው፣ ልጅነቴ ነው!

ታውቋቸዋላችሁ። ከወዳጅ ዘመድ መካከል አንድ አይጠፋም። ሳሎኑ ውስጥ ባለ መስታወት ሼልፍ አለው። ሼልፉ ውስጥ መብራት አለ። መብራቱ ስር የ1980ዎቹና የ1990ዎቹ የጌም ካሴቶች ተደርድረዋል፤ ካሴቱ ካርቶን ውስጥ፣ ካርቶኑ ላስቲክ ውስጥ፣ ላስቲኩ ደግሞ ወፍራም የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ቁጠሩልኝ።) ቡና እስኪፈላ የእያንዳንዱን ታሪክ ይነግራችኋል። ቡናው በረካ ደርሶ ታሪኩ ገና አቦል ላይ ነው።

ለፋሲካ ሜሪላንድ እንዲህ ያለ ሰው ቤት ተጠርተን ነበር። ዶሮ ወጡ እጅ ያስቆረጥማል፤ በዶሮው በኩል ቅሬታ የለኝም። ታዲያ ከእንግዶቹ አንዷ ይዛው የመጣች የሰባት ዓመት ልጅ ሼልፉ ፊት ሄዶ ተገተረ። ካርቶኑ ላይ ያለውን ባለ ቀይ ኮፍያ ሰውዬ ለይቶታል። ማሪዮን የማያውቅ ልጅ የት አለ?

«ጋሼ፣ ልጫወትበት?»

ባለ ሼልፉን ጉርሻው ትን አለው። «አይ አይ አይ! የኔ ጌታ፣ ይሄ የሚጫወቱበት አይደለም።»

«ጌም አይደለም እንዴ?»

«ነው። ግን የሚጫወቱበት አይደለም።»

ልጁ እናቱን አያት። እናቱ እኔን አየችኝ። እኔ ዶሮውን አየሁ። ሰውየው ከኪሱ ለስላሳ ጨርቅ አውጥቶ ልጁ መስታወቱ ላይ ያሳረፈውን የጣት አሻራ ወለወለ። ከኪሱ! ጨርቁን ይዞ ነው የሚዞረው።

ያኔ ደሜ ፈልቶ ነበር። ረጋ ብዬ ሳስበው ግን የእነዚህ ሰዎች ውለታ አልተከፈለም። ስለዚህ ዛሬ ላመሰግናቸው ቆርጫለሁ።

በመጀመሪያ ጽናታቸው ይመስገን። እኛ ሁዳዴን 55 ቀን ጾመን ሌሊቱ አልነጋ ሲለን ሰዓት እናያለን። እነሱ ጌም ይወዳሉ፤ ጌሙ በእጃቸው አለ፤ ሳሎናቸው ውስጥ ቀን ከሌት መብራት በርቶበታል። አይነኩትም። ፍስክ የሚባል ነገር የላቸውም።

ዋጋ ማውጣትም ያውቁበታል። በጁላይ 2021 አንድ ያልተከፈተ ሱፐር ማሪዮ 64 አሜሪካ ውስጥ በጨረታ 1.56 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ጌሙ ብርቅ ስለሆነ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ ከ11 ሚሊዮን ቅጂ በላይ ተሸጧል። ብርቅ የሆነው አለመከፈቱ ነው። ደረጃ መዳቢዎች ካርቶኑን አገላብጠው አይተው ከ10 9.8 ሰጡት። ላስቲኩ ለብቻው ተፈትኖ ኤ ፕላስ ፕላስ አመጣ። እኔ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ እስክወጣ ኤ ፕላስን በዓይኔ አላየኋትም። ላስቲክ ግን ዝም ብሎ ተቀምጦ ሁለት ፕላስ ደረበ። ጌሙስ ስንት አመጣ? ጌሙን ማን ጠየቀው!

በወሩ ደግሞ አንድ ያልተከፈተ የ1985ቱ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስ 2 ሚሊዮን ዶላር ወጣበት። የዚህ ጌም መጠን 40 ኪሎባይት ነው። በስልካችሁ የምታነሱት የቁርስ ፎቶ በብዙ እጥፍ ይበልጠዋል።

ከሁሉም ከሁሉም የምወደው ግን የመሳቢያውን ነው። እዚህ ላይ ታግሳችሁ ስሙኝ።

በ1986 መጨረሻ አሜሪካ ውስጥ አንድ ሰው ለገና ስጦታ ብሎ ሱፐር ማሪዮ ብራዘርስን ገዛ። የቢሮ ጠረጴዛው መሳቢያ ውስጥ ከተተው። እዚያው ቀረ። ሠላሳ ምናምን ዓመት ተኝቶ ተገኘ። በኤፕሪል 2021 ለጨረታ ቀርቦ 660,000 ዶላር ተሸጠ።

እውነተኛው ታሪክ ይኸው ነው። ስጦታው ለማን ታስቦ እንደነበር እንተወው። የቀረውን እኔ ልሙላውና ማሙሽ የሚባል የፈረንጅ ልጅ እንፍጠር።

የገና ጠዋት ነው። ማሙሽ ገና ሳይነጋ ዛፉ ስር ተደፍቷል። የመጀመሪያውን ስጦታ ቀደደ፤ ካልሲ። ሁለተኛውን ቀደደ፤ ሹራብ። ሦስተኛው፤ ሌላ ካልሲ። አባትየው ጭንቅላቱን ያካል። «አንድ ነገር ገዝቼ ነበር እኮ... ምን ነበር?» እናትየው «ኧረ ተወው፣ ካልሲውን ወዶታል» ትላለች። ማሙሽ ካልሲውን አልወደደውም።

ትምህርት ቤት ተከፈተ። ልጆቹ የሚያወሩት ማሪዮ አረንጓዴው ቱቦ ውስጥ እንዴት እንደሚገባ ነው። ማሙሽ ስለ ካልሲ ያወራል። ልደት የሚጠራው ጠፋ። ጎረመሰ፤ ሌላው በጌሙ ልዕልት ሲያድን የኖረ ነው፣ ማሙሽ ሴት ልጅ ሰላም ማለት ያልበዋል። እንደምንም አገባ። ወለደ። ተፋታ። የሥነ ልቦና ባለሙያ ዘንድ ሄደ። «በልጅነትህ የጎደለብህ ነገር አለ?» ብትለው «አለ፤ ግን ምን እንደሆነ አላውቀውም» አለ። ለዚያ መልስ በሰዓት ይከፍላል። ይህ ሁሉ ሲሆን ታዲያ መሳቢያው ውስጥ፣ ከደረቀ እስክሪብቶና ከድሮ ደረሰኝ ስር፣ የአባቱ ፍቅር ወለድ እየወለደ ነበር!

አሁን ጎረቤታቸውን ተመልከቱ። ያ ግዴለሽ አባት! አስታውሶ ሰጠ። ልጁ ላስቲኩን በጥርሱ ዘነጠለው፤ 9.8 እዚያው ምንጣፍ ላይ ቀረች። ካርቶኑ ላይ ድመት ተኛችበት። ልጁ አውራ ጣቱ እስኪላጥ ተጫወተ። ከእህቱ ጋር ተቧቀሰ፣ ታረቀ፣ እንደገና ተቧቀሰ። አያቱን ላስተምር አለ። አያትየዋ ያው የመጀመሪያው ጉድጓድ ውስጥ ደጋግመው እየገቡ ቤቱን በሳቅ ገደሉት። ዛሬ ያ ካሴት ስንት ያወጣል? ቢበዛ የአንድ ምሳ። ስድስት መቶ ስድሳ ሺህ ዶላር በአንድ ጠዋት አወደሙ። ለሳቅ ብለው!

ስለዚህ ወላጆች፣ መርሳት ልመዱ። ብስክሌት ገዝታችሁ ጋራዥ ውስጥ እርሱት። የልደት ኬኩን እርሱት። ጫማ ከገዛችሁለት ከነካርቶኑ ቁም ሣጥን አናት ላይ ጣሉት። ልጁ ባዶ እግሩን ቆሞ ሲያለቅስ «ታገስ የኔ ልጅ፣ ዋጋው እየጨመረልህ ነው» በሉት። ሲያድግ ይገባዋል። ካልገባው ባለሙያዋ ጋ ይሂድ፤ ማሙሽም እዚያ አለ።

መሳቢያውን እዚህ ላይ ልዝጋው።

ወዳጃችን ልጁን ካባረረ በኋላ አንድ ነገር ብሎናል። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ «ይሄ እኮ ልጅነቴ ነው» አለ። ችግሩ ልጅነቱን አውቀዋለሁ። አዲስ አበባ አንድ ሰፈር ነው ያደግነው። ሰፈሩ ውስጥ አንድ ቲቪ ጌም ነበር፤ የሱም የኔም አልነበረም። እሱም ቢሆን የቻይና ፎርጅድ ነው። ካሴቱ ላይ «9999 ጌም» ተብሎ ተጽፎበታል። ሲፈተሽ ያው አምስት ስድስቱ ጌም ናቸው ስም እየቀየሩ የሚመጡት። ማሪዮ አንዴ ከመጀመሪያው ይጀምራል፣ አንዴ ከመሃል፣ አንዴ ሌላ ቀለም ለብሶ ይመጣል። እኛ በየቁጥሩ «ይሄኛውን አላየነውም!» እያልን እንጮሃለን።

ምስሉ እስኪመጣ የቲቪው ቻናል ይጠመዘዛል። በረዶ፣ በረዶ፣ በረዶ፣ ከዚያ ማሪዮ። የሰፈሩ ልጅ በሙሉ ምንጣፍ ላይ ነው። የሞተ ጆይስቲኩን ያስረክባል። ወዳጃችን ተራው እስኪደርስ ሌላውን ያሠለጥን ነበር። «ዝለል! ኧረ ዝለል! አይ አንተ፣ ፈዛዛ!» የቤቱ እመቤት በየመሃሉ ብቅ ይሉና አዳፕተሩን በእጃቸው ዳበስ ያደርጉታል። «ጋለ። ይረፍ።» ክርክር የለም፤ ያርፋል። እስኪቀዘቅዝ እፍ የምንለው አዳፕተሩን ነበር። ሊያልቅ ሲል መብራት ይሄዳል። ከዜሮ።

የዚህ ሰው ልጅነት ይኸው ነው። ሼልፉ ላይ ያለው የማን ነው ታዲያ? የኦሃዮ ወይም የኦሳካ ልጅ ልጅነት ነው፤ በክሬዲት ካርድ የተገዛ፣ ከነፖስታ ቤት ወጪው። በራሱ ልጅነት ቢሄድማ አንድ የጋለ አዳፕተር መስታወት ውስጥ ማስቀመጥ ነበረበት። ለሱ ደግሞ 9.8 የሚሰጥ የለም።

ሌሎቹንም ሳላመሰግን አልልፍም። ኮንሶሉ፣ ማለትም የጌሙ ማጫወቻ፣ ቢጫ ሲሆንባቸው ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ቀብተው ፀሐይ የሚያሞቁት አሉ። ቢጫ የሚያደርገው ፕላስቲኩ እሳት እንዳይዘው የተጨመረበት ኬሚካል ነው ይባላል። እንዲነጣ ይለፋሉ፤ የራሳቸው ፀጉር ደግሞ ሲነጣ ቀለም ይቀባሉ። የዳክዬ አደን ጌም መተኮሻው ሽጉጥ በዘመኑ ስስ ቲቪ አይሠራም ብለው 36 ኢንች የድሮ ቲቪ የሚገዙም አሉ። ይህ እውነት ነው፤ አይሠራም። ግን ቲቪው ከ90 ኪሎ በላይ ይመዝናል። ሦስተኛ ፎቅ ለማውጣት ጓደኛ ይጠራሉ። የጓደኞቹ ወገብ ሄዷል። ዳክዬዋ ግን ወድቃለች።

ቆሻሻ ቆፋሪዎቹን ደግሞ ማን ይረሳል! በ1982 ኢ.ቲ. በሚባለው ፊልም ላይ የተመሠረተ አንድ ጌም ወጣ። ለገና እንዲደርስ ተብሎ በአምስት ሳምንት የተሠራ ነው፤ እንደተሠራበት ጊዜም ሆነ። አልሸጥ ያለው ክምችት በማግስቱ ዓመት ኒው ሜክሲኮ ውስጥ አላሞጎርዶ በምትባል ከተማ ቆሻሻ መጣያ ከሌሎች ጌሞች ጋር ተቀበረ። በ2014 ተቆፍሮ ወደ 1,300 ካሴት ወጣ። ከተማይቱ የእውነተኛነት ማረጋገጫ እየሰጠች ብዙውን ቸበቸበችው። ከ100,000 ዶላር በላይ ተገኘበት። ሰው አዲስ ሆኖ እምቢ ያለውን ዕቃ ከሠላሳ ዓመት በኋላ፣ ቆሻሻ ለመሆኑ ወረቀት ተይዞለት፣ ተሻምቶ ገዛው። ሽታው ለብቻው ይመዘን እንደሆነ አላውቅም።

እሺ፣ ይሁን። ገንዘባቸው ነው። የሚያናድደኝ ሌላ ነው፣ የምር የሚያናድደኝ። በ2023 የወጣ ጥናት አሜሪካ ውስጥ ከ2010 በፊት ለሽያጭ ከቀረቡ ጌሞች 87 በመቶው ዛሬ በመደበኛ ገበያ እንደማይገኙ አሳይቷል። ሱቅ ሄዳችሁ ክፈሉ ብትባሉ እንኳ የምትከፍሉት የለም። የሚቀረው የድሮው ካሴት ነው። የድሮውን ካሴት ደግሞ እነዚህ ሰዎች ሼልፍ ላይ ቆልፈው ዋጋውን ሰማይ ሰቀሉት። አንድ ልጅ አቅሙ ሲያጥረው ኮፒውን አውርዶ ኮምፒውተር ላይ ይጫወታል። ቀድሞ «ሌባ!» የሚለው ማነው? እሱው፣ ባለ ሼልፉ። አንተ ሰውዬ፣ አትጫወትም፣ አታጫውትም፣ የሚጫወተውን ትሰድባለህ! በ2021 ዜልዳ የሚባል አንድ ያልተከፈተ ጌም 870,000 ዶላር ተሸጧል። ተጫዋቹ የት እንደደረሰ የሚያስታውሰው ካሴቱ ውስጥ ያለች ትንሽ ባትሪ ናት። ባትሪ ደግሞ ያልቃል። ለመቀየር መክፈት ያስፈልጋል፤ ከተከፈተ ዋጋው ወደቀ። ስለዚህ እዚያው ውስጥ ትሙት ተባለ። ይሄን ፍቅር ነው ይሉኛል። ልጁን በጣቱ አሻራ ያሳፈሩት ለዚህ ሬሳ ነው።

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ።

መጪው ዘመን የነሱ ነው። አሁን አሁን ካርቶኑ ሲከፈት ውስጡ ካሴትም ዲስክም የሌለበት ጌም ይሸጣል። ያለው አንዲት ወረቀት ነው፤ ወረቀቷ ላይ ኮድ አለ፤ ኮዱን ኦንላይን ሱቁ ላይ አስገብታችሁ ታወርዳላችሁ። ሱቁ ደግሞ ለዘላለም አይኖርም። ዊ ዩ እና 3ዲኤስ የሚባሉት የኒንቴንዶ ማጫወቻዎች ኦንላይን ሱቆች በ2023 ለገዢ ተዘግተዋል።

እንግዲህ አስቡት። ያልተከፈተ ካርቶን፣ ውስጡ ጌም የሌለው፣ ኮዱም የተዘጋ ሱቅ ኮድ። ማንም ተጫውቶበት አያውቅም፤ ማንም ሊጫወትበት አይችልም። ከአስር አስር! እኔም አንዱን ገዝቼ መሳቢያ ውስጥ ልጥለው አስቤ ነበር፤ መርሳቱ እንዳያቅተኝ ነው የፈራሁት።