መዝገብ ያልተከፈተለት አቤቱታ

ደሴ ፒያሳ ላይ አንዲት የጨርቅ ነጋዴ፣ ጡረታ የወጡ የፖሊስ መርማሪና አንድ ወጣት የባንክ ሠራተኛ ቡና እየጠጡ ሲከራከሩ አብሬያቸው ነበርኩ። ጉዳዩ የአንዲት ጎረቤታቸው ነው፤ ልጇ ከጂዳ የላከላትን ገንዘብ «ከባንክ ነው የምደውለው» ላላት ሰው የምስጢር ቁጥሯን ነግራ አጥታዋለች።

ወጣቱ፣ ባንኮች ቁጥራችሁን ለማንም አትንገሩ እያሉ ዘወትር እንደሚያስጠነቅቁ አንሥቶ፣ ጥፋቱ የእርሷም ነው አለ። መርማሪው ደግሞ ነገሩ እንደሚወራው የበዛ አይደለም፤ እርሳቸው በሠሩበት ጣቢያ የዚህ ዓይነት መዝገብ በጣት የሚቆጠር ነበር አሉ።

«ጋሼ፣» አለች ነጋዴዋ፣ «ይህች ሴት ጣቢያ ሄዳ ገንዘቡ የወጣው አዲስ አበባ ስለሆነ እዚያ አመልክቺ፣ አብሽሪ፣ አላህ ይተካልሽ ተብላ ተመልሳለች። እርሷ በየትኛው መዝገብ ትቆጠር?»

መርማሪው ሕጉ እንዲህ ያለውን ሰበብ እንደማይደግፍ አልካዱም። ማታለል በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 ያስቀጣል፤ በአንቀጽ 25 መሠረትም ድርጊቱና ውጤቱ የተለያየ ቦታ ላይ ሲሆኑ ወንጀሉ ውጤቱ በደረሰበት ቦታም እንደተፈጸመ ይቆጠራል። ሆኖም መርማሪ ደብዳቤ ጽፎ ከባንክ መልስ እስኪያገኝ ድረስ ገንዘቡ ከሂሳብ ወደ ሂሳብ ተዛውሮ በጥሬው ይወጣል፤ በመጨረሻ የሚገኘው የሂሳቡ ባለቤትም ብዙ ጊዜ ካርዱን በጥቂት ብር የሸጠ ሥራ አጥ ነው አሉ።

ነጋዴዋ ግን አልተረታችም። መጋቢት 2016 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሲስተም ተበላሽቶ ደንበኞች ወደ 800 ሚሊዮን ብር ያለአግባብ ሲወስዱ፣ ባንኩ ያልመለሱትን ሰዎች ስምና ፎቶግራፍ ለጥፎ አብዛኛውን ገንዘብ በሳምንታት ውስጥ ማስመለሱን አስታወሰች። ወጣቱ እነዚያ በገዛ ስማቸው፣ ከገዛ ሂሳባቸው የወሰዱ ናቸው ብሎ መለሰላት፤ በዚህ በኩል ልክ ነው፣ ሁለቱ ጉዳዮች አንድ አይደሉም።

በዋናው ነገር ግን ከነጋዴዋ ጋር ነኝ። አቤት ባዮችን ከበር የሚመልስ ጣቢያ የመዝገቡን ማነስ የወንጀሉ ማነስ ማስረጃ አድርጎ ሊያቀርብ አይችልም፤ አፍረው ከቤታቸው ያልወጡትማ ከነጭራሹ የሚያነሣቸው የለም። ስለዚህ ደሴ የተታለለች ሴት ደሴ ላይ፣ በዚያው ቀን መዝገብ ሊከፈትላትና ባንኩም ገንዘቡን እንዲያግድ ወዲያው ሊጠየቅ ይገባል። መርማሪው የመንገዱ መጨረሻ አድርገው ያቀረቡት ካርድ ሻጭም ቢሆን ካርዱን ማን እንደገዛው ያውቃልና፣ ምርመራው ከእርሱ ቢጀምር ይሻላል።