የሸርሊ ቺዝምን ፊልም ለሰሜን ሸዋ ልጆች አሳዩልን

ሾላ ሊንች የተባለች አሜሪካዊት እ.ኤ.አ. በ2004 ስለ ሸርሊ ቺዝም የሠራችውን ዘጋቢ ፊልም ደብረ ብርሃን ውስጥ ብዙ ሰው እንዲያየው እፈልጋለሁ። በተለይ ሴት ተማሪዎች።

ሸርሊ ቺዝም እ.ኤ.አ. በ1968 ከኒው ዮርክ፣ ብሩክሊን ተመርጠው የአሜሪካ ሕግ አውጪ ምክር ቤት (ኮንግረስ) የገቡ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሴት ናቸው። በ1972 ደግሞ በዴሞክራቲክ ፓርቲ በኩል ለፕሬዚዳንትነት ለመወዳደር ተነሡ። ፊልሙ የሚከተለው ይህን የምርጫ ዘመቻ ነው። ገንዘብ የለም። ከቴሌቪዥን ክርክር ሲያስቀሯቸው ተሟግተው ገቡ። ከጎናቸው ይቆማሉ የተባሉ ጥቁር ወንድ ፖለቲከኞች ብዙዎቹ ሸሹ። ከሴቶች መብት ታጋዮችም አንዳንዶቹ ልባቸው ለሁለት ተከፈለ። መጨረሻ ላይ በፓርቲው ጉባኤ 152 ድምፅ አገኙ፤ ያሸነፉት ግን ሌላው ተወዳዳሪ ጆርጅ ማክገቨርን ናቸው። ፊልሙ ሽንፈቱን አይደብቅም፤ የወደድኩትም ለዚህ ነው። በእኛ አገር የታላላቅ ሰዎች ታሪክ ሲሠራ ከልደት እስከ ሽልማት ሙገሳ ብቻ ይሆናል። ልጅቷ ፊልሙን አይታ ስትወጣ «እሷማ ሌላ ፍጥረት ናት» ብላ ትሄዳለች። ታዲያ ምን ጠቀማት?

በዚያ ዘመቻ ባርባራ ሊ የምትባል የኮሌጅ ተማሪ ነበረች። የመራጭነት ካርድ እንኳ አልነበራትም። መጀመሪያ ተመዝገቢ አሏት። ተመዘገበች፣ ዘመቻው ውስጥ ገባች፤ በ1998 እሷም የኮንግረስ አባል ሆነች።

እኔን ይበልጥ የያዘኝ ግን ከምርጫው በኋላ የሆነው ነው። ጆርጅ ዋላስ የአላባማ አገረ ገዢ ነበሩ። ጥቁርና ነጭ ተለያይቶ ይኑር የሚሉ፣ በዚያው ምርጫ የተወዳደሩ ሰው። በግንቦት 1972 በጥይት ተመተው ሆስፒታል ሲገቡ ቺዝም ሄደው ጠየቋቸው። ደጋፊዎቻቸው በጣም ተቆጡ። ከሁለት ዓመት በኋላ ቺዝም ለሰው ቤት ሠራተኞች ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል እንዲወሰን ሲታገሉ፣ የአሜሪካ ደቡብ ግዛቶች ተወካዮችን ድምፅ በማሰባሰብ ያገዟቸው እኒያው ዋላስ ነበሩ። ሕጉም በ1974 ጸደቀ። የቺዝም እናት ልብስ ሰፊና የሰው ቤት ሠራተኛ ነበሩ። ቺዝም ለማን እንደሚሠሩ አልጠፋቸውም።

ይህንን ወደ እኛ ላምጣው። ጠዋት ደብረ ብርሃን መናኸሪያ የቆመ ሰው ያያቸዋል። ከመንዝ በመጣ አውቶቡስ አሥራ አራት፣ አሥራ አምስት ዓመት የማይሞላቸው ልጆች፣ ልብሳቸውን በፌስታል ቋጥረው፣ ነጠላቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው ይወርዳሉ። አንዷ የደላላ ስልክ ቁጥር በወረቀት ይዛለች። ወረቀቱን ደጋግማ ታጥፈዋለች፣ ትዘረጋዋለች። ባለፉት ዓመታት በግጭቱ ምክንያት ትምህርት ቤቶች ሲዘጉ ደግሞ ነገሩ ባሰ። አዲስ አበባ ደርሰው ሰው ቤት ይገባሉ። ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራሉ። ደመወዛቸውን የሚቀበልላቸው ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው።

ሕጉስ? የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 እነዚህን ልጆች በቀጥታ አያቅፋቸውም። የቤት ሠራተኞችን ጉዳይ የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሚያወጣው ደንብ ይወሰናል ብሎ ትቶታል። ከዚያ በፊት የነበረው አዋጅ 377/96ም እንዲሁ ነበር። ሁለት አዋጅ ሙሉ «ደንብ ይወጣል» እየተባለ ልጆቹ አርጅተው ልጅ ወልደዋል።

ቀጣሪውም ደሃ ነው፣ ከየት አምጥቶ ይከፍላል የሚል ሰው አለ። እውነት አለው። ግን የእረፍት ቀን ይኑራት፣ ውሏ በጽሑፍ ይሁን፣ ደመወዟ በእጇ ይግባ ለማለት ገንዘብ አያስፈልግም። ከዚህ መጀመር ይቻላል። ዕድሜያቸው ያልደረሰውን ደግሞ ወደ ትምህርት ቤት መመለስ ግዴታ ነው፤ እዚህ ላይ ድርድር የለም።

ሴት ስታስተዳድር ማየት ለዚህ አገር ብርቅ አይደለም። የንጉሥ ሣህለ ሥላሴ እናት ወይዘሮ ዘነበወርቅ እዚሁ ሰሜን ሸዋ፣ ሰላ ድንጋይ በተባለው ቦታ ተቀምጠው ያስተዳድሩ ነበር፤ ሚሲዮናዊው ክራፕፍ እ.ኤ.አ. በ1842 በዚያ ሲያልፍ አግኝቷቸዋል። ወይዘሮ ስንዱ ገብሩ ከጥቁር አንበሶች ጋር ሆነው ጣሊያንን የታገሉ፣ የታሠሩ፣ በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን የመሩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1957 ፓርላማ የገቡ የመጀመሪያዋ ኢትዮጵያዊት፣ ከዚያም ምክትል አፈ ጉባኤ። እሳቸውም እንዲህ ያለ ደፋር ፊልም ይገባቸዋል። የሚያውቋቸው ሰዎች በሕይወት ሳሉ ድምፃቸው ቢቀረጽ እንዴት ጥሩ ነበር።

ለጊዜው ያለውን እንጠቀም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አዳራሽ አለው፣ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩ መምህራንም አሉት። ፊልሙን ከባለቤቶቹ አስፈቅዶ፣ አማርኛ ጽሑፍ ከሥሩ አስገብቶ ማሳየት አያቅትም። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ይጠሩ። ዞኑን ወክለው ምክር ቤት የተቀመጡትም፣ ወንዱም ሴቱም፣ አብረው ይምጡ። ፊልሙ ሲያልቅ ልጆቹ ይጠይቋቸው፦ የቤት ሠራተኞች ደንብ የት ደረሰ? እናንተስ መቼ ነው ምክር ቤት ውስጥ ያነሣችሁት?