«ሳይኮሎጂ ደረሰኝ»

ባለፈው ዓመት የእህቴ ልጅ ከአገር ቤት ደውላ «ጋሼ፣ ሳይኮሎጂ ደረሰኝ» አለችኝ። ድምጿ የደስታም የሐዘንም አልነበረም፤ ዕጣ ወጥቶለት ዕጣው ምን እንደሆነ ገና ያላወቀ ሰው ድምፅ ነበር። ቀጥላም «ስጨርስ ምን እሆናለሁ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ የሙያው ሰው አይደለሁም። ነገር ግን አሜሪካ ውስጥ በሆስፒታል፣ በትምህርት ቤትና በፍርድ ቤት ለአማርኛ ተናጋሪዎች ማስተርጎም ከጀመርኩ ዓመታት ስለተቆጠሩ፣ ሳይኮሎጂስት ከሚባሉ ሰዎች ጋር በአንድ ክፍል ውስጥ ደጋግሜ ተቀምጫለሁ። መልስ ልሰጣት ስሞክር ነው እነዚህ ሰዎች በአንድ ስም ቢጠሩም ሥራቸው አንድ እንዳልሆነ፣ እኔም ሁሉንም «የስነ ልቦና ባለሙያ» እያልኩ ሳስተረጉም ለሰሚዎቼ ግማሹን ብቻ ስነግራቸው እንደኖርኩ የታወቀኝ።

ትምህርት ቤት የማገኛት ባለሙያ የምትመረምረው ልጁ ትምህርት የሚከብደው ለምን እንደሆነ ነው። የማንበብ እክል አለበት? ወይስ ቋንቋው ገና አልገባውም? እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣውና በኋላ ስሙ የተለወጠው የአካል ጉዳተኛ ልጆች የትምህርት ሕግ፣ ምዘናው በተቻለ መጠን ልጁ በሚያውቀው ቋንቋ እንዲካሄድ ያዛል፤ እኔም እዚያ የምገኘው ስለዚህ ነው። ለዚህ ሥራ ዶክትሬት የግድ አያስፈልግም፤ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ ብዙውን ጊዜ ሦስት ዓመት የሚፈጅ ሥልጠና አለው፤ በዚያም ውስጥ የ1,200 ሰዓት ልምምድ ይካተታል። ሆኖም «ሳይኮሎጂስት ልጃችሁን ልታይ ነው» የሚለውን ቃል ሳደርስ የወላጆች ፊት ሲለወጥ አያለሁ። ልጃቸው ታመመ የተባሉ ይመስላቸዋል። አልፈርድባቸውም፤ ቃሉ በእኛ ዘንድ ከአእምሮ ሕመም ጋር ብቻ ተጣብቆ የኖረ ነውና።

በሆስፒታል ደግሞ የኒውሮሳይኮሎጂ ባለሙያ አለች። ስትሮክ የመታው፣ ጭንቅላቱ የተጎዳ ወይም የመርሳት ችግር የጀመረው ሰው የትኛው የአእምሮ ችሎታው እንደተነካ፣ የትኛው እንደተረፈ በፈተና ትለካለች። ከዶክትሬት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ሌላ ሁለት ዓመት በዚሁ ዘርፍ ሠልጥናለች። ከእነዚህ ፈተናዎች አንዱ እንደ ቀላል ነገር የሚታይ ነው፦ ባለሙያዋ ቁጥሮች ትጠራለች፣ ታካሚው በቅደም ተከተል ይደግማቸዋል፣ የቁጥሮቹም ብዛት እየጨመረ ይሄዳል። አንድ ቀን ለአንድ አዛውንት ይህን ሳስተረጉም ነገሩ አልሄድልህ አለኝ። በእንግሊዝኛ ከአንድ እስከ ዘጠኝ ካሉት ቁጥሮች ከሰባት በቀር ሁሉም በአንድ የድምፅ ምት ያልቃሉ፤ በአማርኛ ግን ከአንድና ከሦስት በስተቀር ሁሉም ሁለት ምት ይወስዳሉ። ለመጥራት ረዘም ያለ ጊዜ የሚወስድ ቃል በአጭር ጊዜ ትውስታ ውስጥ በብዛት አይያዝም። እ.ኤ.አ. በ1980 የታተመ ጥናት ዌልሽና (በብሪታንያ የዌልስ ሕዝብ ቋንቋ) እንግሊዝኛ አጣርተው የሚናገሩ ሰዎች በዌልሽ የሚያስታውሱት የቁጥር ብዛት ያነሰው የዌልሽ ቁጥሮች ለመጥራት ረዘም ስለሚሉ እንደሆነ አሳይቷል። እንግዲህ እኒያ አዛውንት ያነሰ ነጥብ ቢያገኙ፣ ያነሰው ትውስታቸው ነው ወይስ ቋንቋቸው የረዘመ ቁጥር ስላለው ነው? ከዚህ በተጨማሪ ውጤቱ የሚነጻጸረው በዕድሜና በትምህርት ደረጃ ከሚመሳሰሏቸው ሰዎች አማካይ ውጤት ጋር ሲሆን፣ እነዚያ ሰዎች ደግሞ ፈተናውን የወሰዱት በእንግሊዝኛ ነው። ባለሙያዋ ይህን ስነግራት ብዕሯን አስቀምጣ በጥሞና አዳመጠችኝ፤ በሪፖርቷም ላይ ውጤቱ በጥንቃቄ እንዲነበብ ጻፈች። የሙያ ክብር ምን እንደሆነ ያየሁት ያን ዕለት ነው።

በፍርድ ቤት በኩል የሚመጣው ባለሙያ ግን ሥራውን የሚጀምረው በማስጠንቀቂያ ነው፦ «እኔ የአንተ ሐኪም አይደለሁም፤ የምትነግረኝን ሁሉ ለዳኛው ልጽፍ እችላለሁ» ይላል። ዓላማው ማከም ሳይሆን፣ የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ1960 ደስኪ በተባለ ተከሳሽ ጉዳይ ባስቀመጠው መለኪያ መሠረት፣ ተከሳሹ የቀረበበትን ክስ ይረዳ እንደሆነና ከጠበቃው ጋር መመካከር ይችል እንደሆነ መርምሮ ማስረዳት ነው። ይህን ማስጠንቀቂያ በአማርኛ ሳስተላልፍ ሁልጊዜ ልቤ ይከብዳል። እስረኛው «የስነ ልቦና ባለሙያ» ሲባል ችግሩን የሚሰማለት ሰው እንደመጣ አድርጎ ይቆጥራልና። በሕክምና ክፍል ያለው ሳይኮሎጂስት ሕግ ከሚያዝዘው በቀር ምስጢር ጠባቂ ነው፤ የፍርድ ቤቱ ደግሞ ለፍርድ ቤቱ ተጠሪ ነው።

ከነዚህ ሌላ በግንባር ያልገጠሙኝ፣ በንባብ ብቻ የማውቃቸው ዘርፎች አሉ። የሥራና የድርጅት ሳይኮሎጂ ሠራተኛን ስለመምረጥና ስለማሠልጠን የሚያጠና ሲሆን፣ ሁጎ ሙንስተርበርግ እ.ኤ.አ. በ1913 ስለ ኢንዱስትሪ ሳይኮሎጂ መጽሐፍ ካሳተመ ወዲህ ራሱን ችሎ አድጓል፤ በማስተርስ ዲግሪም ይሠራበታል። ሌላው ዘርፍ መሣሪያ ለሚጠቀምበት ሰው እንዲስማማ ስለማድረግ ያጠናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቢ-17 የተባለው የጦር አውሮፕላን አብራሪዎች ካረፉ በኋላ የክንፍ መቆጣጠሪያውን የነኩ እየመሰላቸው ጎማውን ያጥፉ ነበር። አልፎንስ ቻፓኒስ የተባለ ሳይኮሎጂስት ጥፋቱ የአብራሪው ሳይሆን እጀታዎቹ ተመሳስለው ጎን ለጎን መቀመጣቸው መሆኑን አይቶ፣ በእጅ ሲነኩ የሚለዩ እጀታዎች እንዲገጠሙ አደረገ። ይህም ሳይኮሎጂ ነው።

አሜሪካ እነዚህን መንገዶች በስምና በፈቃድ አጥራለች። የኮነቲከት ግዛት እ.ኤ.አ. በ1945 የመጀመሪያውን የሳይኮሎጂስቶች ሕግ አወጣች፤ በ1949 በኮሎራዶ ግዛት ቦልደር ከተማ የተሰበሰቡ ምሁራን ክሊኒካል ሳይኮሎጂስት፣ ማለትም የስነ ልቦና ሕክምና የሚሰጠው ባለሙያ፣ ተመራማሪም አካሚም ሆኖ በፒኤችዲ እንዲሠለጥን ወሰኑ፤ በ1973 ደግሞ በቬይል ጉባኤ ከምርምር ይልቅ ለሕክምና ሥራ የሚያዘጋጀው ሳይዲ የሚባለው ዶክትሬት ዕውቅና አገኘ። አጥሩ ግን ዋጋ ያስከፍላል። በሳይኮሎጂ የመጀመሪያ ዲግሪ ብቻ ያለው ሰው እዚህ ራሱን ሳይኮሎጂስት ብሎ ታካሚ መቀበል አይችልም። በመነጋገር የሚሰጠውን የስነ ልቦና ሕክምና ትልቅ ድርሻ የሚሸከሙትም ማስተርስ ያላቸው አማካሪዎችና የማኅበራዊ ሥራ ባለሙያዎች ናቸው። ከአገራችን ዲግሪውን ይዘው የመጡና ለዓመታት በሌላ ሥራ የቀሩ ወገኖችን አውቃለሁ።

ወደ አገር ቤት ስመለስ የማየው የተገላቢጦሽ ነው። ሳይኮሎጂ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ለረጅም ዘመን የኖረው በትምህርት ጥናት ጥላ ሥር ስለሆነ፣ ሥሩ ከመምህርነት ጋር የተያያዘ ነው፤ በ2012 ዓ.ም. የአንደኛ ዓመት የጋራ ትምህርት ከተመለሰ ወዲህም ተማሪዎች የትኛውንም መስክ ቢከተሉ ጀነራል ሳይኮሎጂን ይማራሉ። ደጃፉን ብዙዎች ይረግጡታል ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚመረቀው ወጣት ግን በትምህርት ቤት የጋይዳንስ ሠራተኛ፣ በመሥሪያ ቤት የሰው ሀብት ባለሙያ ወይም በእርዳታ ድርጅት የሳይኮሶሻል (የስነ ልቦናና የማኅበራዊ ድጋፍ) ሠራተኛ የሚሆነው በያዘው ሥልጠና ሳይሆን በተገኘው ክፍት ቦታ ነው። ከጥቅምት 2013 እስከ ጥቅምት 2015 ዓ.ም. በሰሜን ከነበረው ጦርነት በኋላ አንዲት የማውቃት ወጣት ተመራቂ በመጠለያ ጣቢያ ተቀጥራ ነበር። ቀኑን ሙሉ የተደፈሩና የተፈናቀሉ ሴቶችን ታዳምጣለች፤ ማታ ግን እሷ የሰማችውን የሚሰማ፣ «ይህን በዚህ መንገድ ያዢው፣ ያንን ደግሞ ወደ ሐኪም ላኪው» የሚላት አንድም የበላይ ባለሙያ አልነበራትም። የስምንት ወር ሥራዋን ስትነግረኝ እጆቿ ይንቀጠቀጡ ነበር። እዚህ ፈቃድ ለማግኘት ሰዎች በሺህ የሚቆጠሩ ሰዓታት በሌላ ባለሙያ ዓይን ሥር የሚሠሩት ለታካሚው ደኅንነት ብቻ እንዳልሆነ፣ ለባለሙያውም መጠጊያ እንደሆነ ከእሷ ተማርኩ። በሁለቱ አገሮች መካከል ያለው ትልቁ ልዩነት ለእኔ የዘርፎቹ ብዛት አይደለም፤ የሚከታተል የበላይ ባለሙያ መኖርና አለመኖር ነው።

ስለዚህ ለእህቴ ልጅ «ምን እሆናለሁ?» የሚለውን ለጊዜው ትተሽ የማንን ጥያቄ መመለስ እንደምትፈልጊ አስቢ አልኳት፤ የልጁን፣ የታማሚውን፣ የዳኛውን ወይስ የአሠሪውን? ቀጥሎም በዚያ ጥያቄ ላይ ከጎንሽ ተቀምጦ ሥራሽን የሚያይልሽ መምህር የት እንዳለ ፈልጊ አልኳት። ከዚያም ሳስተረጉም በየክፍሉ ያየሁትን አንድ በአንድ ነገርኳት። በመካከል አቋረጠችኝ፦

«ጋሼ፣ ያንን የቁጥሮቹን ፈተና በአማርኛ ያዘጋጀው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አልኳት፤ «እዚያው ክፍል ውስጥ፣ በዚያው ደቂቃ።»

«ታዲያ ትክክል መሆኑ በምን ታወቀ?»

«አልታወቀም» አልኳት። ትንሽ ዝም ብላ ቆየችና የሳይኮሎጂ መለኪያ ትምህርት በስንተኛው ሴሚስተር እንደሚሰጥ ከመምህሮቿ እንደምትጠይቅ ነገረችኝ።